ከገንዳ ልስን ላይ ዝገት ሳስለቅቅ

ከቀን 1 በፊት

ማስታወሻ መያዝ የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ሥራውን ከጀመርኩት ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ እሱንም በስህተት ነው የጀመርኩት።

የመዋኛ ገንዳው መሬት ውስጥ የተቆፈረ፣ በአርማታ የተገነባ፣ ላዩ በነጭ ሲሚንቶና በእምነበረድ ዱቄት የተለሰነ ነው። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር። ጥልቀቱ ከ1.1 ይጀምርና 1.9 ላይ ያበቃል። በአማካይ 1.5 ቢባል 48 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ 48,000 ሊትር መሆኑ ነው። ቁጥሩን የፓምፑ ክፍል ግድግዳ ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ። ከዚህ በኋላ የምጨምረው መድኃኒት ሁሉ መጠኑ ከእሱ ነው የሚነሳው።

ወለሉ በአንድ ቀን አልቆሸሸም። በየቀኑ የሚያየው ሰው ደግሞ አያስተውለውም። አንድ ቀን የድሮ ፎቶ አገኘሁና ክው አልኩ። ነጭ የነበረው ወለል ሻይ የተደፋበት አንሶላ መስሏል። "አልጌ ነው" ብዬ ወሰንኩ። ክሎሪኑን እጥፍ አድርጌ ጨመርኩ። ሦስት ቀን ሙሉ በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩ። በአራተኛው ቀን እድፉ ጭራሽ ደመቀ። ቁጭ ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ደብተሩንም ያወጣሁት ያኔ ነው።

ቀን 1

ዛሬ ምንም አልነካሁም። የገንዳውን ቅርጽ ወረቀት ላይ ስዬ እድፉ የት የት እንዳለ ምልክት አደረግኩ። አሰልቺ ነገር ነው። ሲያልቅ ግን አንድ እድፍ ነው ያልኩት ሦስት ሆኖ ተገኘ።

አንደኛው ያ ቡናማው ነው። ወለሉን በሙሉ አልብሶታል። ደረጃዎቹ ላይ ይበረታል፣ ወደ ጥልቁ ይሳሳል። እዚህ ጋ ጀመረ፣ እዚህ ጋ አበቃ የሚባልበት ጠርዝ የለውም። በእጅ ሲዳሰስ ልስኑ እንደወትሮው ልስልስ ነው፤ ላዩ ላይ የተለጠፈ ነገር የለም።

ሁለተኛው ሁለት ነጥብ ነው። አንዱ ላይኛው ደረጃ ላይ፣ ሌላው ወለሉ መሃል። ከሳንቲም ትንሽ ይሰፋሉ። መሃላቸው ጠቆር ያለ ነው፣ ዙሪያቸው ብርቱካንማ።

ሦስተኛው የውሃው ጠርዝ ላይ ዙሪያውን የተጋገረ ነጭ ቅርፊት ነው። ይኼኛው ይሻክራል፣ ጥፍር ይይዛል።

ከሰዓት በኋላ ወንድም ጋሼ መጡ። በጉብዝናቸው ግንበኛ ነበሩ። ገንዳውን አንድ ጊዜ ዞሩና፣

"ምን ያጨናንቅሃል? አፍስሰው፣ አሲድ ድፋበት፣ እጠበው፣ ተገላገል" አሉኝ።

"ልስኑስ ወንድም ጋሼ?"

"ልስኑ ምን ይሆናል?"

ታላቄ ናቸው፣ አልተከራከርኩም። እዚህ ደብተር ላይ ግን እከራከራለሁ።

ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚያነሳው እድፉን ብቻ አይደለም። እድፉ የተቀመጠበትን ልስን አብሮ ነው የሚልጠው። ልስኑ ደግሞ ውፍረቱ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ተልጦ የሚቀረው ገጽ ይሻክራል፤ ሻካራ ገጽ ላይ አልጌውም ማዕድኑም በቀላሉ ይቀመጣል። በዕድሜው አንድ ሁለት ጊዜ ቢችል ነው እንጂ በየዓመቱ አይታጠብም።

ማፍሰሱም ራሱ ቀልድ አይደለም። ከገንዳው ሥር የከርሰ ምድር ውሃ ካለ ባዶውን ገንዳ እንደ ጀልባ ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል። ለዚህ ተብሎ ከዋናው ማፍሰሻ ሥር የግፊት መልቀቂያ ቫልቭ የተገጠመላቸው ገንዳዎች አሉ። ለዓመታት ያልተነካ ቫልቭ ዛሬ ይከፈታል ብሎ ማን ይምላል? ውሃ የለመደ ልስንም ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ከሥሩ ይለቃል። ስለዚህ አሲዱ ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል ነው የሚመጣው።

ቀን 2

የፍተሻ ቀን። በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት መስጠት ምን እንደሚያመጣ ባለፈው ተምሬያለሁ።

ነጭ የቫይታሚን ሲ ክኒን ያዝኩ። ቀለም የገባበት ብርቱካንማው አይሆንም፣ ራሱ ያቀልማል። ፓምፑን አጠፋሁ። ላይኛው ደረጃ ላይ ተንበርክኬ እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩና ክኒኑን ቡናማው ላይ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። እስከ ስልሳ ቆጠርኩ። ክኒኑ ጠርዙ እየተሸራረፈ፣ ቀጭን ነጭ ጭስ የመሰለ ነገር ውሃው ውስጥ ይለቃል። ሳነሳው ሥሩ ንጹሕ ነጭ ክብ ወጣ። ልክ የክኒኑን ስፋት ያህል፣ በኮምፓስ የተሠራ ይመስላል። ከክኒኑ አልፎ ጣቴ ብቻ የነካው ቦታ እንደነበረው ቡናማ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳየው ቡናማ ሰማይ ላይ የወጣች ጨረቃ መሰለችኝ። ሦስት ቀን የፈተግኩት ነገር በአንድ ደቂቃ!

ለወለሉ ሦስት ክኒን ፈጭቼ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ከተትኩና በረጅም ዘንግ ጫፍ አሰርኩት። ሁለት ደቂቃ አስቀምጬ ሳነሳው እዚያም ነጣ።

ሁለተኛ ካልሲ ውስጥ የደረቅ ክሎሪን ፍሬ አድርጌ ሌላ ቦታ ላይ ሞከርኩ። እድፉ ከቅጠል ወይም ከአልጌ የመጣ ቢሆን ክሎሪኑ ያነጣው ነበር። ምንም። እንዲያውም ትንሽ የጠቆረ መሰለኝ። ሁለቱን ካልሲዎች ለየብቻ ነው ያስቀመጥኳቸው። ክሎሪንና አሲድ፣ የትኛውም አሲድ ቢሆን፣ አንድ ዕቃ ውስጥ አይገናኙም። ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ነጩን ቅርፊት ደግሞ በቢላ ፈልፍዬ ፍርፋሪውን ጠርሙስ ክዳን ላይ አስቀመጥኩና አንድ ጠብታ አሲድ ጣል አደረግኩበት። ወዲያው ፈላ። ካልሲየም ካርቦኔት ነው ማለት ነው። ግድግዳው ላይ እንዳለ ያልሞከርኩት በምክንያት ነው፤ ልስኑ ራሱ እምነበረድ ስላለበት አሲድ ሲነካው ይፈላል። ያኔ የፈላው የቱ እንደሆነ አይለይም።

ማጠቃለያዬ፦ ቡናማው ብረት ነው። መዳብ ቢሆን አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ይመጣ ነበር፤ ምንጩም መዳብ ያለበት የአልጌ መድኃኒት ወይም የተበላ የማሞቂያ ቧንቧ ይሆን ነበር። ለእሱ ደግሞ ከቫይታሚን ሲ ይልቅ የሎሚ አሲድ ነው የሚሻለው።

አሁን የመጀመሪያው ጥፋቴ ገባኝ። ብረት ሁለት ጠባይ አለው። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ አይታይም። ክሎሪን ሲያገኘው ግን ይዝግና ቡናማ ደቃቅ ነገር ሆኖ ይቀመጣል። እኔ ክሎሪን እጥፍ ስጨምር ውሃው ውስጥ የቀረችውን ብረት ሁሉ ወለሉ ላይ እያራገፍኩ ነበር። ቫይታሚን ሲ፣ በስሙ አስኮርቢክ አሲድ፣ የዛገውን ብረት መልሶ ወደሚሟሟው ጠባዩ ይወስደዋል።

ቀን 3

ብረቱ ከየት መጣ? ይህን ሳላውቅ ባጸዳ በዓመቱ እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

ገንዳው የሚሞላው ከጉድጓድ ነው። ነጭ ባልዲ በጉድጓዱ ውሃ ሞላሁ። እንደ መስታወት የጠራ ነው፣ ሳንቲም ብትጥልበት ጽሑፉ ይነበባል። ትንሽ በረኪና ጠብ አደረግኩበትና ሄድኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ ውሃው ቢጫ ሆኗል። ማታ ላይ ባልዲው ሥር ቡናማ ዝቃጭ ተኝቷል። በጣቴ ስነካው እንደ ዱቄት የላመ ነው፣ ጥፍሬ ሥር ገብቶ በሳሙና እንኳ ቶሎ አልለቀቀም።

በብረት መመርመሪያው ለካሁ። የጉድጓዱ ውሃ በሊትር 0.8 ሚሊ ግራም ብረት አለው። የገንዳው ውሃ ግን 0.1 ብቻ ነው። ቀሪው ወለሉ ላይ ነው ያለው።

ስሌት ወደድኩ ዛሬ። የገንዳው ስፋት 32 ካሬ ሜትር ነው። በሞቃት ቀን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ውሃ ይተናል ብንል 160 ሊትር ነው። ያንን በጉድጓድ ውሃ እተካለሁ። በቀን 128 ሚሊ ግራም ብረት ገባ ማለት ነው። ምንም አይደለም ይመስላል። በዚሁ ከቀጠለ በዓመት ወደ 47 ግራም ይሆናል። ውሃው ሲተን ብረቱ አብሮ አይተንም፤ እዚያው ይቀራል። ገንዳው ለዓመታት ብረት ሲያጠራቅም ነበር።

ይህ ደግሞ አንድ በር ዘጋብኝ። ብዙ ሰው ብረቱን ውሃው ውስጥ ካሟሟ በኋላ ውሃውን ከፊሉን አፍስሶ በአዲስ ይተካል። የእኔ አዲስ ውሃ ከአሮጌው የባሰ ነው።

ቀን 4 እስከ 6

ዝግጅት። ክሎሪኑ ወደ ዜሮ እስኪወርድ መጠበቅ አለብኝ። ክሎሪን ካለ ቫይታሚን ሲውን ይበላዋል፣ እሱም ክሎሪኑን ይበላል፤ ሁለቱም በከንቱ ይጠፋሉ። ምንም አልጨመርኩም፣ ፀሐይዋ ሠራችልኝ። በሊትር 4 ሚሊ ግራም የነበረው በሦስት ቀን ወደ 0.5 ወረደ፤ ለእኔ ይበቃል።

ፒኤች፣ የውሃው የአሲድነት መለኪያ፣ 7.8 ነበር። ወደ 7.2 አወረድኩት። ከሊትር ትንሽ ያነሰ አሲድ ወሰደብኝ፣ በሁለት ከፍዬ፣ ፓምፑ እየሠራ፣ ውሃ መልሶ በሚገባበት ቀዳዳ ፊት ለፊት። ጓንት፣ መነጽር፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ። አሲድ ወደ ውሃ ነው የሚገባው እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም።

ክሎሪን የሌለው ገንዳ የአልጌ ግብዣ ስለሆነ መከላከያ መድኃኒት ጨመርኩ። መዳብ የሌለበትን ነው የመረጥኩት። ብረት እያስለቀቅኩ መዳብ ባስገባ ሞኝ ነኝ።

ቀን 7

የተለመደው መጠን በ1,000 ሊትር ከ6 እስከ 12 ግራም አስኮርቢክ አሲድ ነው። ለእኔ ከ290 እስከ 575 ግራም ይሆናል። ዛሬ ክኒን አይደለም፣ ንጹሕ ዱቄቱ ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 300 ግራም ይዤ ወጣሁ። ደረጃው ላይና እድፉ በበረታበት ዳር ዳር እየዞርኩ በተንኩት። ዱቄቱ እንደ በረዶ ወርዶ ወለሉ ላይ ጥቂት ይተኛና ይጠፋል። ከዚያ ወንበር አወጣሁ።

ለአሥር ደቂቃ ምንም የለም። በሃያኛው ደቂቃ ላይኛው ደረጃ ጠርዙ ነጣ። መጀመሪያ ዓይኔን አላመንኩም፣ ደመና የገለጠ መሰለኝ። ደመናው እንደሌለ ሳይ ተነሳሁ። ንጣቱ ከጠርዙ ወደ ውስጥ እየሄደ ነው። ዱቄቱ በተኛበት ቦታ ሁሉ የጣት አሻራ የሚያህሉ ነጭ ነጥቦች ይወጣሉ፣ ይሰፋሉ፣ ይገጥማሉ። እኩለ ቀን ላይ ሦስቱም ደረጃዎች ነጭ ናቸው። ጥልቁ ግን ገና ነው።

ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ሌላ 300 ግራም ጨመርኩ። ከመጠኑ በ25 ግራም በለጠ፤ ከረጢቱ ውስጥ የቀረችውን ማስቀመጥ ሰንፌ ነው። በናይሎን ብሩሽ ቀስ ብዬ ወለሉን ነካካሁት። መፈተግ አላስፈለገም፤ ውሃውን ለማንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ቀን 8

ጠዋት ከመስኮት አየሁት። ሌላ ገንዳ ነው። ሁለቱ ነጥቦች ብቻ ቀርተዋል፣ በነጩ መሃል ጭራሽ ጎልተው።

ደስታዬን ያቀዘቀዘው መመርመሪያው ነው። የገንዳው ውሃ 0.5 ሆኗል። በ48,000 ሊትር ሲባዛ 24 ግራም ነው። ይኼ ሁሉ ወለል ያበላሸው ብረት ጥቂት ምስማር የሚያህል ነው ማለት ነው። የትም አልሄደም ታዲያ። ከወለል ተነስቶ ውሃ ውስጥ ገባ እንጂ። አሁን ክሎሪን ብሞላበት ነገ ተመልሶ ይቀመጣል።

ስለዚህ ብረት ያዥ መድኃኒት ጨመርኩ። ሥራው ብረቱን ውሃ ውስጥ እንደተሟሟ ጨምድዶ መያዝ ነው። አያጠፋውም። ክሎሪን ደግሞ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ይሰብረዋል፣ ስለዚህ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጨመራል። ሻጮች ይህችን ነገር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚናገሯት።

ቀን 9

ዛሬ ያበላሸሁትን ሳልደብቅ ልጻፍ።

ጥልቁ ጥግ ላይ ውሃው ደብዘዝ ያለ መሰለኝ። አልጌ ፈራሁ። ድሮም ጠላቴ እሱ ነው መሰል፣ በሌለበት ይታየኛል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ክሎሪን በአንድ ጊዜ እዚያው ጥግ ላይ ገለበጥኩት። በዓይኔ እያየሁ ውሃው ቢጫ ሆነ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጥጉ ላይ ጠረጴዛ የሚያህል ቡናማ ጥላ ተኛ።

እጄን ራሴ ላይ ጭኜ ተቀመጥኩ። ከዚያ የቀሩትን ክኒኖች ፈጭቼ በካልሲው አወረድኩበት። እስኪመሽ ለቀቀ፤ ልስኑ ውስጥ ገና አልሰረገም ነበር።

ቀን 10 እስከ 16

ክሎሪኑን መመለስ ማለት መጀመሪያ የቀረውን ቫይታሚን ሲ መክፈል ማለት ነው። 2.5 ግራም አስኮርቢክ አሲድ 1 ግራም ያህል ክሎሪን ይበላል። 600 ግራም ጨምሬያለሁ፣ ስለዚህ 240 ግራም ክሎሪን ሳይታይ ይጠፋል። 12 በመቶ በሆነው ፈሳሽ ወደ ሁለት ሊትር መሆኑ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ይጨምራል፣ ይለካል፣ ዜሮ ያነባል፣ ደግሞ ይጨምራል፣ በመጨረሻ ተበሳጭቶ አንድ ጀሪካን ይገለብጣል። እድፉም ይመለሳል። የት እንደማውቀው አልናገርም።

በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ 150 ሚሊ ሊትር። ፓምፑ እየሠራ፣ በቀጭኑ፣ እየዞርኩ። ሰባት ቀን ሙሉ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት መለኪያው ዜሮ ነው የሚለኝ። ቀን 15 ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐመር ቢጫ አሳየ። ቀን 16 ላይ 1 ደረሰ። ወለሉ ነጭ ነው።

ፒኤቹን ሆን ብዬ 7.2 አካባቢ ነው ያቆየሁት። ከፍ ሲል ብረቱ ቶሎ ይቀመጣል። አልካሊነቱ ግን፣ ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚይዘው ማለት ነው፣ ከ110 ወደ 70 ወርዶ ነበር። በቤኪንግ ሶዳ መለስኩት። በዚህ ገንዳ 10 ለመጨመር 800 ግራም ገደማ ይፈጃል። በአንድ ቀን አላደረግኩትም፣ በሦስት ቀን ከፈልኩት፤ ፒኤቹ አብሮ እንዳይሮጥብኝ።

ቀን 17

ብረቱን ማውጣት አለብኝ። ውሃ መለወጥ አይሆንም ብያለሁ። የቀረው ማጥመድ ነው።

ትራስ ውስጥ የሚሞላውን ሰው ሠራሽ ጥጥ ገዝቼ ሁለት እፍኝ ያህል የውሃው መሳቢያ ቅርጫት ውስጥ ጎዘጎዝኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ክሎሪኑ መድኃኒቱን ጥቂት ጥቂት ሲሰብር ብረት ይለቀቃል፣ ይዝጋል፣ ደቃቅ ሆኖ ይንሳፈፋል። ወለል ላይ ሳይቀመጥ ጥጡ ከያዘው አተረፍኩ። ጥጡን አጥብቆ መጠቅጠቅ አይገባም። ውሃ ካላሳለፈ ፓምፑ አየር ይስብና ይቃጠላል። የመጀመሪያውን ሰዓት አጠገቡ ቆሜ ድምፁን ሰማሁ።

በሁለተኛው ቀን አወጣሁት። ነጩ ጥጥ የቀይ አፈር መንገድ ላይ የወደቀ ፎጣ መስሏል። በሕይወቴ በቆሻሻ እንዲህ ተደስቼ አላውቅም።

ቀን 20

ነጥቦቹ።

ላይኛው ደረጃ ላይ ያለውን ለመድረስ ውሃውን 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ አደረግኩ። ክኒን ሲጫንበት ይደበዝዛል፣ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። የሚመለስ ነጥብ ከውጭ የመጣ አይደለም፣ ከውስጥ ነው። በመዶሻና በመሮ ዙሪያውን ቀስ ብዬ ፈለፈልኩ። ልስኑ እንደ ዳቦ ቅርፊት ተነሳ፤ ሥሩ የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ጫፍ ብቅ ብሏል። ሲታሰር አጎንብሰው ያልመለሱት አንድ ጫፍ። ለዓመታት እየዛገ፣ እያበጠ፣ ልስኑን እየቀደደ ወጣ።

ሽቦውን ከገጹ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ተከትዬ ቆረጥኩት። ጉድጓዱን በውሃ አጥቤ፣ እርጥብ እንዳለ፣ በነጭ ሲሚንቶ የተሠራ የገንዳ መጠገኛ ሞላሁበት። በማንኪያ ጀርባ አለሰለስኩት። ማንኪያው ከወጥ ቤት ነው፣ መጥፋቱን እስካሁን ያወቀ የለም።

ወለሉ መሃል ያለውን ሌላኛውን ሽቦ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ከወጣ ሙሉ ገንዳ ማፍሰስ ነው። ጠልቄ በቅርብ አየሁት። መሃሉ ላይ ፀጉር የመሰለ ቀጭን ጥቁር ነገር ቆሟል። በወረንጦ ሳብኩት፣ ወጣ። አየር ላይ አውጥቼ መዳፌ ላይ ሳስቀምጠው ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚሆን የብረት ሽቦ ነው። ወዲያው አወቅኩት።

የብሩሼ ጥርስ ነው። ያን ሦስት ቀን የፈተግኩበት ብሩሽ የማይዝግ ብረት አልነበረም። ከሽቦ ብሩሽ ለልስን ገንዳ የሚሆነው የማይዝገው ብቻ ነው፤ ተራው ሽቦ ጥርሱን እየጣለ ይሄዳል፣ የወደቀው ጥርስ ሁሉ አዲስ ዝገት ይወልዳል። ብሩሹን አሁን ለግቢው በር ሰጥቼዋለሁ። ቀኑን ሙሉ እየጠለቅኩ ሌላ ፈለግኩ፣ አራት አገኘሁ። ገና አላቀለሙም ነበር።

ቀን 22 እና 23

ነጩ ቅርፊት። ስለዚህ ብዙ የምጽፈው የለኝም፣ ጉልበት ነው። ውሃው ዝቅ ብሎ ሳለ እግር የሚፈተግበትን ባለ ቀዳዳ ድንጋይ እያራስኩ ፈተግኩ። ድንጋዩም ቅርፊቱም ሁልጊዜ እርጥብ መሆን አለባቸው፣ ካልሆነ ልስኑ ይጫራል። ሁለት ቀን፣ አራት ድንጋይ፣ አንድ የተላጠ አውራ ጣት።

ምንጩ ውሃው ጠርዝ ላይ እየተነነ ካልሲየሙን ትቶ መሄዱ ነው፤ ከፍ ያለ ፒኤች ያባብሰዋል። ላንገሊየር የሚባል ሰው በ1936 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ውሃ ካልሲየም ይጥላል ወይስ ይበላል የሚለውን የሚለይ ቀመር አውጥቷል። ያሰበው ለውሃ ቧንቧ ነበር፣ ዛሬ ግን ገንዳ ያለው ሁሉ ይጠቀምበታል። ፒኤች፣ አልካሊነት፣ ካልሲየምና ሙቀት ይገቡበታል። የእኔ ካልሲየም 380 ነው፣ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ፒኤቹን ከ7.5 በላይ አላሳልፈውም። በጣም ዝቅ ማለቱም ጥሩ አይደለም፤ ያኔ ውሃው የጎደለውን ካልሲየም ከልስኑ ይበላል።

ቀን 25

የሚገባው ውሃ። ከጉድጓዱ ቀጥታ በጎማ መሙላት አቆምኩ። 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አቆምኩ። እዚያ ውስጥ በረኪና ይጨመርበታል፣ ሁለት ቀን ይተኛል፣ ብረቱ ይዘቅጣል። ገንዳው የሚወስደው ከላይኛው ክፍል ነው፣ እሱም በጥጥ ተጣርቶ። የመጀመሪያው ዙር ከ0.8 ወደ 0.1 ወረደ። የሮቶው ሥር በየወሩ መታጠብ ይኖርበታል።

ቀን 34

የገንዳው ብረት 0.1። ጥጡ አሁን ለሳምንት ቢቆይም ቢጫ ብቻ ነው የሚሆነው። ክሎሪን 3፣ ፒኤች 7.4። ከዋናው ማፍሰሻ ዙሪያ ስስ ጥላ ቀርቷል፣ ክኒንም አላነቃነቀውም። ሌላ ነገር ይሆናል። ተውኩት።

ወንድም ጋሼ መጡ። ጫማቸውን አውልቀው ዳሩ ላይ ቆመው ዝም ብለው አዩ። አሲዱን አላነሱም፣ እኔም አላነሳሁም። ከዚያ ወደ ደረጃው ጎንበስ አሉ። የሽቦውን ጉድጓድ የሞላሁበት መጠገኛ ከዙሪያው ልስን ይልቅ ነጭቷል። በጣታቸው እየጠቆሙ፣

"ይቺ ነጭ እድፍስ ምንድን ናት?" አሉኝ።